በእንፋሎት መንደር ፎቶ ሲነሳ



በኒውዚላንድ፣ ሮቶሩዋ ከተማ፣ ፋካሬዋሬዋ የሚባል የማኦሪዎች መንደር አለ። ነዋሪዎቹ ከመሬት በሚወጣ እንፋሎት ያበስላሉ፤ በፍል ውሃውም ይታጠባሉ። በ1886 እ.ኤ.አ. የታራዌራ ተራራ ፈንድቶ የቀድሞ ቀዬአቸውን ሲቀብር፣ ከአደጋው የተረፉ አያቶቻቸው እዚህ ተጠለሉ።

እንዲህ ባለ ስፍራ ፎቶ ለሚያነሳ ተጓዥ መጀመሪያ ፊዚክሱ ይጠቅመዋል። ሞቃትና እርጥብ አየር ቀዝቃዛ ሌንስ ሲነካ ወደ ውሃ ጠብታ ይለወጣል፤ ምስሉም ይደበዝዛል። ስለዚህ ካሜራው ከአካባቢው ሙቀት ጋር እስኪመጣጠን መታገስ፣ ደረቅ ጨርቅ መያዝ፣ ነፋሱንም ከጀርባ አድርጎ መቆም ይበጃል። ከተከለለው መንገድ መውጣት ግን አይሞከርም፤ ስስ ከሆነው አፈር ሥር የፈላ ውሃ አለ።

ሁሉም ሰው የሚያነሳው ፖሁቱ የተባለውን፣ እስከ 30 ሜትር የሚወነጨፈውን ፍል ውሃ ነው። የከተማው ጉድጓዶች ሙቅ ውሃውን አብዝተው በመሳባቸው የከርሰ ምድሩ ግፊት ቀንሶ ነበር። በ1980ዎቹ መጨረሻ መንግሥት ከፖሁቱ በ1.5 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያሉትን ጉድጓዶች ሲያዘጋ ግፊቱ ማገገም ጀመረ። በፎቶው የምናየው እንግዲህ ሰዎች እጃቸውን ስለሰበሰቡ የቆየ ውሃ ነው።

ከፊዚክሱ ቀጥሎ አደብ አለ። ከእንፋሎቱ ጀርባ የሚታየው በር የሰው ቤት ነው፤ መቃብሩም የቤተሰብ መቃብር ነው። የመግቢያ ትኬት መቁረጥ መንደሩን ለመጎብኘት እንጂ የሰውን ፊትና ጓዳ ለመውሰድ ፈቃድ አይሆንም። ካሜራችንን ከማቅናታችን በፊት እንጠይቅ፤ «አይሆንም» ከተባልንም አመስግነን እንለፍ።