መጥረቢያ ያልነካው ዛፍ ሁሉ ተጠብቋልን?

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ አድባራት ዐጸድ ውስጥ ስለቆሙት ጥንታውያን ጽዶች፣ ወይራዎችና ኮሶዎች በሕዝቡ ዘንድ የጸና አንድ እምነት አለ፤ ይኸውም መጥረቢያ እስካላረፈበት ድረስ ዛፉ አልተጎዳም፣ ግዝቱም አልፈረሰም የሚል ነው። ነገሩ እንዲያው ከመሬት የተነሣ አይደለም፤ ደጋው ተመንጥሮ እርሻና ግጦሽ በሆነበት አገር እነዚህ ዕፅዋት እስከ ዛሬ የቆዩት አበው መጥረቢያን በግዝት ስለ ከለከሉ ነውና።

ነገር ግን አብዛኛው የዛፍ ሥር ከላይኛው አፈር ሳይርቅ፣ ከቅርንጫፉ ጥላ አልፎ ተዘርግቶ የሚኖር፣ እንደ ውኃው ሁሉ አየርም የሚሻ ስለሆነ፣ ለአዳራሽ መሠረት ሲቆፈር፣ በመቃብር ላይ ሲሚንቶ ሲፈስ፣ ግቢው እስከ ግንዱ ድረስ ሲለበጥ ዛፉ ከታች ይታነቃል። እንደ ክንድ የወፈረ ሥር በዶማ ተበጥሶ፣ ቀይ ልቡ ተገልጦ፣ የጽዱ መዓዛ ግቢውን ሞልቶት እያለ «ግንዱን እኮ አልነካነውም» የሚል የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ያሳዝነኛል፤ ያስቈጣኛልም። ከዓመታት በኋላ ጫፉ መድረቅ ሲጀምር ያን ጉድጓድ የሚያስታውስ አይገኝም፤ አርጅቶ ደረቀ ይባልና፣ የደረቀውን ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት መቁረጥ እንደ ነውር ስለማይቈጠር፣ በንጹሕ ኅሊና ይጣላል።

የመንዝ አበው ጉዳትን እንዲህ አላጠበቡትም ነበር። ጓሳ የተባለውን የጋራ ሣር ምድር ቄሮ በሚባል የጥበቃ ሥርዓት ሲጠብቁ፣ በምርጫ የተሾመው አባ ቄራ ለዓመታት በተዘጋው መሬት ላይ ማጭድንም የከብትንም ኮቴ ይከለክል ነበር። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 542ም በመንግሥት ደን ውስጥ ያለ ፈቃድ ዛፍ ከመቁረጥ ጋር ከብት ማሰማራትንና መስፈርን ከልክሎ ነበር። ክልከላው የተጻፈው ለደን ነበርና፣ በዐጸድ ለቆመው ብቸኛ ጽድ ግን ዋናው ጠባቂ የሰበካው ውሳኔ ነው። ስለዚህ ግዝቱ ከግንዱ ወርዶ ሥሩንም ይያዝ፤ ርቀቱ እንደ አፈሩና እንደ ዛፉ ዓይነት ቢለያይም፣ ቢያንስ ቅርንጫፉ በሚያጠላው ልክ ቁፋሮም ሲሚንቶም አይግባ።

ዛፍ ለመቁረጥ ምክንያት የሚደረገው፣ ልቡ የተቦረቦረ ዛፍ ሞቷል የሚለው አባባልም ሐሰት ነው፤ የዛፍ ሕይወት ከቅርፊቱ ሥር ነውና ውስጡ ባዶ ሆኖ ብዙ ዘመን ሊኖር ይችላል፤ ዙሪያውን የተላጠው ግን ይሞታል።

በጽድ ፋንታ ባሕር ዛፍ ቢተከል ምን ይጎድላል ለሚሉትም፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እንደ ጠቀመ አይካድም፤ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ግን ከኮሶ፣ ከዋንዛና ከዝግባ ጋር በስም ለይቶ የመቁረጥ ገደብ አድርጎ የነበረው በጽድ ላይ ነው።