ጀርመናዊ ማን ነው? የአንድ ጥያቄ ረጅም ታሪክ

ጀርመን እንደ አንድ ብሔራዊ መንግሥት የቆመችው እ.ኤ.አ. በ1871 ነው። ጀርመንኛ ተናጋሪው ሕዝብ ግን ከዚያ በፊት ለዘመናት በብዙ መሳፍንት፣ ጳጳሳትና ነጻ ከተሞች ሥር ተከፋፍሎ ኖሯል። ሁሉንም በበላይነት ያስተዳድር የነበረው የቅዱስ ሮማ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ስሙ ገናና፣ ክንዱ አጭር ነበር። «ጀርመናዊ ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ በድንበር መልስ መስጠት ስላልተቻለ የመጀመሪያውን መልስ የሰጠው ቋንቋ ነው።

ቋንቋውም ቢሆን አንድ ወጥ አልነበረም፤ የሰሜን ገበሬና የባቫሪያ ገበሬ ቢገናኙ መግባባት ይቸግራቸው ነበር። ማርቲን ሉተር በዋርትቡርግ ግንብ ተሸሽጎ አዲስ ኪዳንን ሲተረጉም መነሻ ያደረገው የሣክሶኒ ቤተ መንግሥት ጸሐፊዎች የሚጠቀሙበትን፣ በብዙ ግዛቶች የሚነበበውን አጻጻፍ ነው። ነፍስ የዘራበት ግን የተራው ሰው አነጋገር ነው። ተርጓሚ የቤት እመቤትን፣ የሰፈር ልጆችንና የገበያውን ሰው ማዳመጥ እንዳለበት ራሱ ጽፏል። በመስከረም 1522 የወጣው እትም በአጭር ጊዜ አልቆ በታኅሣሥ ዳግመኛ ታተመ፤ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1534 ተከተለ። ሕዝቡን በቋንቋ ያቀራረበው ይኸው ሰው ያስነሣው እንቅስቃሴ በሃይማኖት ለሁለት ከፈለው። ከ1618 እስከ 1648 የዘለቀው ጦርነትም አገሩን አራቆተው።

የፖለቲካው መከፋፈል ግን ለባህሉ በጎ ነገርም አትርፏል። መሳፍንቱ በቤተ መጻሕፍት፣ በትያትር ቤትና በዩኒቨርሲቲ ይፎካከሩ ነበር። የጎታው መስፍን ኤርንስት በ1652 ኢትዮጵያዊውን አባ ጎርጎርዮስን ወደ ቤተ መንግሥቱ ያስመጣው በዚህ ዘመን ነው፤ ምሁሩ ሂዮብ ሉዶልፍ በ1698 ያሳተማቸው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ከአባ ጎርጎርዮስ ጋር ካደረገው ትውውቅ የተገኙ ናቸው። ባለቅኔዎቹ ጎተና ሺለር የጻፉባት ቫይማርም የትንሽ መስፍን ከተማ ነበረች።

ዮሐን ጎትፍሪድ ሄርደር ሕዝብን ሕዝብ የሚያደርገው ቋንቋው፣ ዘፈኑና ተረቱ ነው ብሎ ሲያስተምር የሌላውን ሕዝብ ባህል አሳንሶ አልነበረም። ናፖሊዮን አገሩን ወርሮ አሮጌው መንግሥት በ1806 ከፈረሰ በኋላ ግን ሐሳቡ ቁጣ ተጨመረበት። ያኮብና ቪልሄልም ግሪም ተረቶቻቸውን በ1812 ያሳተሙት በዚህ ስሜት ውስጥ ነው። በ1837 የሃኖቨር ንጉሥ ሕገ መንግሥቱን ሲሽር ሁለቱ ወንድማማቾች ከአምስት ባልደረቦቻቸው ጋር ተቃውመው ከጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ ተባረሩ። ሥራ አጥ ሆነው የጀመሩት ታላቁ የጀርመንኛ መዝገበ ቃላት ዕድሜያቸውን በልቶ፣ ከእነሱ በኋላም መቶ ዓመት ገደማ ወስዶ በ1961 ተጠናቀቀ። ዓመቱ በርሊን በግንብ የተከፈለችበት ነው፤ የምሥራቅ በርሊንና የጎቲንገን ምሁራን ግን ሥራውን በጋራ ከዳር አድርሰውታል።

በ1848 በፍራንክፈርት የጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን የተሰበሰበው የመጀመሪያው ብሔራዊ ምክር ቤት አንድነትንና ነጻነትን አጣምሮ ለመያዝ ሞከረ። አባል የነበረው ያኮብ ግሪም የጀርመንን ምድር የረገጠ ባሪያ ሁሉ ነጻ እንዲወጣ የሚያደርግ አንቀጽ አቅርቦ በጠባብ ልዩነት ሳይጸድቅ ቀረ። ምክር ቤቱ በ1849 ዘውድ ያቀረበለት የፕሮሲያ ንጉሥ ከሕዝብ እጅ አልቀበልም አለ፤ ጉባኤውም ተበተነ። በጀርመን ታሪክ ውስጥ ከዚህ የከበደ ያመለጠ ዕድል ማግኘት ያስቸግራል። አንድነቱ ከዚያ በኋላ የመጣው በፕሮሲያው ጠቅላይ ሚኒስትር በቢስማርክ ጦርነቶች ነው፤ የታወጀውም ጥር 18 ቀን 1871 በተሸነፈችው ፈረንሳይ፣ በቬርሳይ ቤተ መንግሥት አዳራሽ ነበር። ጀርመንኛ ተናጋሪ ኦስትሪያውያን ከውጭ ቀሩ፤ ፖላንዳውያንና ዴንማርካውያን ውስጥ ገቡ።

ቋንቋ ድንበሩን መሙላት ሲያቅተው ሕጉ ወደ ዘር ዞረ። የ1913ቱ የዜግነት ሕግ ዜግነትን በትውልድ ሐረግ ብቻ እንዲወረስ አደረገ። ከዚያ ተነሥቶ ናዚዎች የሠሩትን ለመሥራት የግድ የሚል መንገድ አልነበረም፤ እነሱ ግን በ1935 በኑረምበርግ ሕጎች አይሁድን ከሙሉ ዜግነት አውጥተው፣ በመጨረሻ ስድስት ሚሊዮን የአውሮፓ አይሁድን ፈጁ። ከተፈጁት መካከል የሄርደርንና የጎተን ቋንቋ በቤታቸው የሚናገሩ፣ ለጀርመን በአንደኛው የዓለም ጦርነት የተዋጉ ነበሩባቸው።

በ1949 የጸደቀው የምዕራብ ጀርመን መሠረታዊ ሕግ የሰውን ልጅ ክብር የመጀመሪያ አንቀጹ አደረገ፤ ናዚዎች ዜግነታቸውን የገፈፏቸው ሰዎችና ተወላጆቻቸውም መልሰው እንዲያገኙ ፈቀደ። የዘር ሐረግ ሕጉ ግን ጸንቶ ቆየ። ከ1961 ጀምሮ በስምምነት የመጡት ቱርካውያን ሠራተኞች በዚያው ቢወልዱም ልጆቻቸው የውጭ ዜጋ ይባሉ ነበር። ጥቅምት 3 ቀን 1990 ምዕራብና ምሥራቅ ጀርመን ሲዋሐዱ እንኳ ይህ አልተለወጠም። ለውጡ የመጣው በ2000 ነው፤ በጀርመን የተወለደ የውጭ ዜጋ ልጅ፣ ወላጁ በሕጋዊነት የኖረበት ዘመን ከተሟላ፣ ጀርመናዊ ሆኖ ይወለዳል። በ2024 የወጣው ሕግ ደግሞ የመኖሪያውን ዘመን ወደ አምስት ዓመት አሳጥሮ የቀድሞ ዜግነትን ይዞ መቆየትን ፈቀደ። አመልካቹ ግን ጀርመን ለናዚ አገዛዝ ግፍ ያለባትን ታሪካዊ ኃላፊነት እንደሚቀበል ማረጋገጥ አለበት፤ አያቶቹ በዚያ ዘመን ጀርመን ውስጥ ይኑሩም አይኑሩም።