ከመንጃ ፈቃዱ በፊት የቤቱ ሒሳብ

ሻንቶ ላይ የጭነት መኪና ወሬ ሲነሳ መጀመሪያ የሚመጣው ገንዘቡ ነው። “እገሌ ተሳቢ ይዞ ቤት ሠራ” ይባላል፤ እገሌ ስንት ሌሊት ከቤቱ ውጭ እንዳደረ ግን ማንም አይቆጥርለትም። የሁለት ልጆች አባት የሆነው ታላቅ ወንድሜ ባለፈው ክረምት በሬውን ሸጦ ሾፌር ለመሆን መነሳቱን ነገረኝ። “አንተ ጋዜጠኝነት አይደል እንዴ የምትማረው? እስቲ አጣራልኝ” አለኝ። እኔም ጠያየቅኩ። ያገኘሁት ለሌላውም ይጠቅማል ብዬ ለትምህርት ክፍላችን ልሳን አቅርቤዋለሁ።

በመጀመሪያ መንጃ ፈቃዱን እንይ። በአገራችን ሕግ የጭነት ፈቃድ ከሕዝብ ማመላለሻ የተለየ ነው። ጭነቱም ደረቅና ፈሳሽ ተብሎ ይከፈላል፤ ነዳጅ የጫነ ቦቴ በደረቅ ፈቃድ አይነዳም። ታዲያ ፈቃድ የያዘ ሁሉ በማግስቱ ተሳቢ አይሰጠውም፤ ባለንብረቱ ልምድ ይጠይቃል። ስለዚህ ብዙዎች በረዳትነት ወይም በአይሱዙ ይጀምራሉ። የሥልጠናው ጊዜ ገቢ የለውም፤ ልጆች ደግሞ በየቀኑ ይበላሉ።

ሁለተኛው ነገር መንገዱ ነው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተነሳ ወዲህ በአሰብ ይገባ የነበረው ዕቃ ወደ ጅቡቲ ዞሯል። ዛሬ ከአገሪቱ የወጪና ገቢ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በዚያ ነው። የባቡሩ መስመር በ2009 ዓ.ም. ቢመረቅም አብዛኛውን ጭነት አሁንም የሚያመላልሰው መኪና ነው። ከሶዶ የተነሳ ሾፌር ሞጆን፣ አዋሽንና ሚሌን አልፎ ነው ጋላፊ ኬላ የሚደርሰው። በረሃው አለ፣ ወረፋው አለ፣ መኪናው ከተበላሸም እዚያው ማደር አለ። በምልልስ አበል የሚከፈለው ሰው መኪናው በቆመ ቁጥር ገቢውም ይቆማል። ቤት ያለችው ሚስት ግን ወጪዋ አይቆምም።

ሦስተኛው የቤተሰቡ ጉዳይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሚስቱ ለወለደችለት ሠራተኛ ከነደመወዙ 3 ተከታታይ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ጅቡቲ ላለ አባት እኮ 3 ቀን መንገድ ላይ ያልቃል! ሶዶ ላይ ሲሚንቶ ሲያራግፉ ያገኘኋቸውን አንድ አንጋፋ ሾፌር ከሥራው የትኛው እንደሚከብድ ጠየቅኳቸው። “መሪው አይከብድም ልጄ። የሚከብደው ቤትህ ስትገባ ሕፃኑ እንግዳ መስለኸው ሲሸሽህ ነው” አሉኝ።

ይህን ሁሉ ለወንድሜ ነገርኩት። ከባለቤቱ ጋር ቁጭ ብለው አሰቡበት። እሷ የጠየቀችው አንድ ጥያቄ ነበር፦ “ለጊፋታ ቤት ትኖራለህ?” ወዲያው አልመለሰላትም። በመጨረሻ በሬው ተሸጠ፤ ገንዘቡ ግን ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ ለሥልጠናው፣ ግማሹ ለቤቱ ቀለብ ሆነ። ትንሹ ልጅ ትምህርት ቤት እስኪገባ ድረስም ስኳር ድንችና አቮካዶ እየጫነ ወደ ሀዋሳ በሚመላለስ አይሱዙ ላይ ሊሠራ ተስማሙ፤ ጅቡቲ ከዚያ በኋላ ይታያል።

እንግዲህ ትዳር ይዞ ወደዚህ ሙያ ለሚገባ ሰው የምለው ይህንን ነው፦ ሚስትህም አብራህ ነው ሥራ የምትጀምረው፤ ሳትመዘገብ በፊት እሷን አማክር። ቸር ይግጠመን።