«እርከን» ወይስ «ረድፍ»? ስለ ቤት ስያሜዎች አተረጓጐም

የቤት አሠራርን የሚመለከቱ የእንግሊዝኛ ጽሑፎች ወደ አማርኛ በሚመለሱበት ጊዜ ተርጓሚውን ከሚያስቸግሩት ነገሮች አንዱ ስያሜ ነው። ለዚህ ምሳሌ እንዲሆነን «ጆርጂያን ቴራስ» የተባለውን የእንግሊዝ የከተማ ቤት እንመልከት።

«ጆርጂያን» የሚለው ቅጽል ከጆርጂያ አገር ጋር ግንኙነት የለውም፤ ከ1714 እስከ 1830 (እ.ኤ.አ.) በተከታታይ የነገሡትን አራቱን ጆርጆች ያመለክታል። ስለዚህ «የጆርጂያ ቤት» ማለት ስሕተት ሲሆን፣ «የጆርጆች ዘመን ቤት» ቢባል ትርጉሙ ይቃናል።

ከዚህ የሚከብደው «ቴራስ» ነው። ቃሉ ስለ እርሻ ሲነገር እርከን ማለት መሆኑ የታወቀ ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ተዳፋት ላይ ለሚያርስ ገበሬ እርከን አፈሩ በጎርፍ እንዳይታጠብ የሚሠራ ነው፤ ስለዚህ «እርከን ቤት» ቢባል በእርከን ላይ የቆመ ጎጆ ይመስለዋል። የእንግሊዙ ቤት ግን ከሌሎች ቤቶች ጋር በአንድ መስመር ተያይዞ የተሠራ፣ ግራና ቀኝ ያለውንም ግድግዳ ከጎረቤቱ ጋር የሚጋራ ነው። በባዝ ከተማ ከ1767 እስከ 1774 (እ.ኤ.አ.) የተሠራው ሮያል ክሬሰንት 30 ቤቶችን በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ አያይዟል። የጽንሰ ሐሳቡ ዋና ባሕርይ መደርደር እንጂ ከፍና ዝቅ ማለት ስላልሆነ፣ «የረድፍ ቤት» የሚለውን ስያሜ እናቀርባለን፤ የሚጋሩትም ግድግዳ «የጋራ ግድግዳ» ይባል።

የበሩን ክፍሎች ለመሰየም አዲስ ቃል መፍጠር አያሻም። ግራና ቀኝ የሚቆመው መቃን፣ ከላይ የሚጋደመው ጉበን፣ ከታች ያለው ደፍ ነው። መቃንና ጉበን በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 12 የአማርኛ ትርጉም ውስጥ ሳይቀር ተለይተው ይገኛሉ። «መድረክ» ግን ቀድሞ ደፍን ያመለክት የነበረ ቢሆንም፣ ዛሬ አንባቢው የተናጋሪና የተዋናይ መቆሚያ አድርጎ ስለሚረዳው በዚህ ቦታ ባይገባ ይመረጣል። ወደ ላይና ወደ ታች የሚከፈተውም መስኮት «ተንሸራታች መስኮት» ቢባል ይበቃል።

የወለሎቹ ስም ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ምድር ቤት» አንዳንዴ ከመንገድ ጋር ትክክል ለሆነው፣ አንዳንዴም ከመሬት በታች ላለው ወለል ይነገራል። በረድፍ ቤት ሁለቱም ስላሉ፣ የመጀመሪያውን «ምድር ቤት»፣ ሁለተኛውን «የመሬት ውስጥ ወለል» ብሎ መለየት ግድ ነው።

የቤቱን ፊት በተመለከተ የጋይንት ቤተልሔም ቤተ ክርስቲያን ያስተምረናል። በድጓ ትምህርቱ የታወቀው ይህ ደብር በተጠረበ ድንጋይና በእንጨት የተሠራ ባለ አራት ማእዘን ጥንታዊ ሕንፃ አለው፤ ሕንፃው ለረጅም ዘመን በክብ የሣር ክዳን ሥር ተሸሽጎ ኖሯል። ከውጭ ያየ ሰው ክብ፣ ከውስጥ የገባ ግን ማእዘን ያገኛል። እንግዲህ «ፊት» እና «ቅርጽ» አንድ አይደሉም፤ ተርጓሚውም ሊያምታታቸው አይገባም።

በመጨረሻ አንድ ነገር እናሳስባለን። የሣር ክዳን በቆርቆሮ ሲተካ ክፈፍን፣ ማገርንና ጉልላትን የመሰሉ ቃላት ከነሥራቸው ከወጣቱ አንደበት ይርቃሉ። ስለዚህ ተርጓሚው ቃል ከመዋሱ ወይም ከመፍጠሩ በፊት ግንበኛውንና አናጢውን ይጠይቅ። ቃሉ ዛሬ ካልተመዘገበ፣ ነገ ቤቱም የሚናገርለትም ላይገኝ ይችላል።