በሁለት መስመር የተጻፈች ቃል

ቤቱን ቆልፎ የሚተኛ ሰው ሌባ ይመጣብኛል ብሎ የሚጠረጥረው በበር ወይም በመስኮት ነው። በኮምፒዩተር ዓለም ግን በሩ ሳይሰበር፣ የይለፍ ቃሉም ሳይሰረቅ፣ የባለቤቱ መሣሪያ የሌላ ሰው ትእዛዝ ሲፈጽም የሚገኝበት ጊዜ አለ። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመግለጽ፣ በእውነት የተፈጸመ አንድ ነገር ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

ዕለቱ መስከረም 24 ቀን 1998 ዓ.ም. ሲሆን፣ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ኦክቶበር 4 ቀን 2005 ነበር። ሳሚ ካምካር የተባለ የ19 ዓመት የሎስ አንጀለስ ወጣት፣ በዚያን ጊዜ እጅግ ስመ ጥር በነበረው ማይስፔስ በተባለው የወዳጆች መገናኛ ድረ ገጽ ላይ የራሱ ገጽ ነበረው። ማይስፔስ ደንበኞቹ ገጻቸውን በቀለምና በሥዕል እንዲያስጌጡ ይፈቅድ ነበር። ነገር ግን ጃቫስክሪፕት የተባለውን፣ ማለትም የተመልካቹን ኮምፒዩተር «ይህን አድርግ» ብሎ የሚያዝ ጽሑፍ እንዳያስገቡ ይከለክል ነበር። ለዚሁ የተሠራው ማጣሪያ «ጃቫስክሪፕት» የምትለዋን ቃል ባገኘ ቁጥር ይፍቃታል።

ወጣቱ ያደረገው ነገር ሲሰሙት የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ቃሏን ከመካከል ከፍሎ፣ «ጃቫ»ን በአንድ መስመር፣ «ስክሪፕት»ን በሚቀጥለው መስመር ጻፈ። ማጣሪያውም የተከለከለችው ቃል አልታየችውምና አሳለፋት። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን የመሳሰሉት የድረ ገጽ ማንበቢያዎች ወይም ብራውዘሮች ግን የተበላሸ ጽሑፍ እያቃኑ ማንበብ ልማዳቸው ስለ ነበረ፣ ሁለቱን ቁራጮች ገጥመው እንደ ሙሉ ትእዛዝ አነበቡ። ቅኔ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ ያንኑ ቃል አንዱ ነጥሎ፣ ሌላው አጋጥሞ ሲሰማው ምስጢሩ ይለወጣልና።

ከዚያ በኋላ የሳሚን ገጽ የከፈተው ሰው ሁሉ ሳያውቀው፣ ብራውዘሩ በእርሱ ስም ሳሚን ወዳጅ አድርጎ አስመዘገበ። በገጹም ላይ «ከሁሉም በላይ ሳሚ ጀግናዬ ነው» ብሎ ጻፈ፤ ትእዛዙንም እዚያው ገልብጦ ተወ። ያንን ሁለተኛ ገጽ የጎበኘውም እንዲሁ ተያዘ። ጥያቄው የሚመጣው የይለፍ ቃሉን ሰጥቶ ከገባ ደንበኛ ስለሆነ፣ ማይስፔስ የሚጠረጥርበት ምክንያት አልነበረውም። 20 ሰዓት ያህል ባልሞላ ጊዜ የሳሚ «ወዳጆች» ከ1 ሚሊዮን በለጡ። በመጨረሻ ድረ ገጹን ለጊዜው ዘግቶ ማጽዳት ግድ ሆነ።

ባለሙያዎቹ ይህን ጉድለት «ክሮስ ሳይት ስክሪፕቲንግ» ይሉታል። ስሙ ከነገሩ ይልቅ ያስቸግራል። ሳሚ ለቀልድ አደረገው እንጂ የማንንም የይለፍ ቃል አልወሰደም። ዳሩ ግን በዚያው ቀዳዳ ክፉ ሰው ቢገባ፣ የሰውን ደብዳቤ ሊያነብ፣ በስሙ ሊጽፍ ይችላል፤ ጉድለቱ በባንክ ድረ ገጽ ላይ ከተገኘም ገንዘብ እስከ ማዘዝ ይደርሳል።

በእኛ አስተያየት ክፉ ቃል እያደኑ መፋቅ ብቻውን አያዋጣም፤ ቃሉን የሚሰውርበት ዘዴ ማለቂያ የለውምና። የሚሻለው፣ ከደንበኛ የመጣውን ጽሑፍ ብራውዘሩ እንደ ተራ ፊደል እንዲያሳየው እንጂ እንደ ትእዛዝ እንዳይፈጽመው አድርጎ ማቅረብ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ድረ ገጹ «ከእነዚህ በቀር የማንንም ትእዛዝ አትቀበል» ብሎ ለብራውዘሩ የሚያስታውቅበት ደንብ ወጥቷል፤ የሞዚላ ፋየርፎክስ 4ኛ እትም በ2011 ይህን ይዞ ቀርቧል።

ሕጉ ግን ነገሩን በቀልድ አላየውም። ሳሚ በ2007 በሎስ አንጀለስ ፍርድ ቤት ጥፋተኛነቱን አምኖ፣ የ3 ዓመት የገደብ ቅጣትና የ90 ቀን የሕዝብ አገልግሎት ተፈረደበት፤ ኮምፒዩተር የሚነካበትም ሁኔታ ተወሰነ። ገደቡ ካበቃ በኋላ የኮምፒዩተር ጸጥታ ተመራማሪ ሆኖ፣ የሌሎችን ቀዳዳ እየፈለገ ማሳየት ሙያው ሆኗል።