ያውቁ ኖሯል? አሮጌ መጽሐፍ ከቤት ሆኖ መሸጥ

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2011 ስለ ዝንብ አፈጣጠር የተጻፈ አንድ የሳይንስ መጽሐፍ አማዞን ላይ 23,698,655 ዶላር ከ93 ሳንቲም ተለጥፎበት ነበር፤ የመላኪያው 3 ዶላር ከ99 ሳንቲም ሳይጨምር። መጽሐፉ ከገበያ የጠፋ ቢሆንም ያን ያህል የሚያወጣ ብርቅ ነገር አልነበረም። ሁለት ሻጮች ዋጋ መተመኑን ለኮምፒውተር ፕሮግራም ትተውት ነው። የአንደኛው ፕሮግራም የተፎካካሪውን ዋጋ በ0.9983 እያባዛ ጥቂት ዝቅ ይላል፤ የሌላኛው በ1.270589 እያባዛ ከፍ ይላል። በየዕለቱ ሲገፋፉ ሚሊዮን ውስጥ ገቡ። ነገሩን የተከታተለው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ማይክል አይዘን፣ ዋጋውን ከፍ የሚያደርገው ሻጭ መጽሐፉ እጁ ላይ ሳይኖር እንዳልቀረ፣ ገዢ ከመጣ ከሌላው ገዝቶ ሊያስረክብ አስቦ እንደነበር ገምቷል። ከቤት ሆነው መጽሐፍ ለመሸጥ ያሰቡ ሁሉ ይህን ታሪክ ልብ ይበሉት። መጽሐፉን አገላብጦ ያላየ ሰው ዋጋውን ሊያውቅ አይችልም።

አማዞን እ.ኤ.አ. በ1995 ሥራ ሲጀምር የሚሸጠው መጽሐፍ ብቻ ነበር። ግለሰቦች ያገለገለ መጽሐፋቸውን ከአዲሱ ጎን እንዲሸጡ በሩን የከፈተው በ2000 ነው። የካናዳው ድረ ገጽ አቤቡክስ ግን የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴዎችን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1996 አሰባስቧቸው ነበር። በ2008 አማዞን ገዛው።

በአንድ ሳንቲም የሚሸጥ መጽሐፍም ነበር! ሻጩ መጽሐፉን በ1 ሳንቲም ይለጥፍና ገዢው ለመላኪያ ከሚከፍለው 3 ዶላር ከ99 ሳንቲም ላይ የፖስታውንና የድረ ገጹን ድርሻ ቀንሶ የምትተርፈውን ይይዝ ነበር። ይህ በሺህ የሚቆጠር መጽሐፍ ለሚልኩ መጋዘኖች ያዋጣ ነበር። ሳሎን ውስጥ ሁለት መደርደሪያ ይዞ ለሚጀምር ሰው ግን ድካም ብቻ ነው። ቤት ውስጥ የሚሠራ ሻጭ የሚያዋጣው ሌላው ያላገኘውን መጽሐፍ መያዝ ነው።

በመጽሐፍ ጀርባ የምናየው አይኤስቢኤን የተባለው መለያ ቁጥር ዓለም አቀፍ ደረጃ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን፣ ከ2007 ጀምሮ ከ10 አኃዝ ወደ 13 አድጓል። 978-99944 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ካዩ መጽሐፉ የተመዘገበው በኢትዮጵያ ነው። ችግሩ፣ ብዙዎቹ የአማርኛ መጻሕፍት፣ በተለይ የቆዩት፣ ይህ ቁጥር የላቸውም። በስልክ ካሜራ ባርኮድ እየቃኘ ዋጋ የሚያወጣው መተግበሪያ ለእነሱ አይሠራም። ርዕሱን፣ ደራሲውን፣ ማተሚያ ቤቱን፣ ዓመተ ምሕረቱንና የገጹን ብዛት ሻጩ ራሱ አንድ በአንድ መጻፍ አለበት።

ዓመተ ምሕረቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የወጣው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ 1965 መጨረሻ ወይም 1966 ማለት ነው። ዋሽንግተን ወይም ስቶክሆልም ያለ ሻጭ 1958 ብሎ ብቻ ከለጠፈው የውጭው ገዢ በሰባት በስምንት ዓመት ያረጀ ይመስለዋል። ሁለቱንም አቆጣጠር ይጻፉ። የደራሲውንም ስም በ«ሐ» የሚፈልግ አለ፣ በ«ሀ» የሚፈልግም አለ፤ ሁለቱንም ቢያስገቡ አንባቢው ያገኝዎታል።

የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሲገዙ የርዕስ ገጹን ጀርባ ይመልከቱ። ከ10 እስከ 1 የተደረደሩ ቁጥሮች ካሉና 1 ካልጠፋች፣ አብዛኛውን ጊዜ መጽሐፉ የመጀመሪያው ኅትመት ነው። ይህች ትንሽ ቁጥር የምታመጣው ልዩነት ያስደንቃል። እ.ኤ.አ. በ1997 ለንደን የወጣው የመጀመሪያው «ሃሪ ፖተር» በጠንካራ ሽፋን የታተመው 500 ቅጂ ብቻ ነበር። በ53ኛው ገጽ የተማሪዎች ዕቃ ዝርዝር ውስጥ የአስማት ዘንግ በስሕተት ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ከእነዚያ ቅጂዎች አንዱ በዲሴምበር 2021 አሜሪካ ውስጥ በጨረታ 471,000 ዶላር ተሸጧል። በአማርኛ መጻሕፍት «1ኛ እትም» የሚለውን የሚያገኙት እዚያው የርዕስ ገጹ አካባቢ ነው።

በአሮጌ መጻሕፍት ንግድ የመጽሐፍን ይዞታ የሚገልጹ የተለመዱ ደረጃዎች አሉ፤ አንድ የአሜሪካ የነጋዴዎች መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1949 ያስተዋወቃቸው ናቸው። በዚያ ልማድ «ጥሩ» የተባለ መጽሐፍ ያረጀ፣ ጥጋጥጉ የተበላ፣ ገጹ ግን ያልጎደለ ነው። ገዢው መጽሐፉን በእጁ አይዳስሰውም፤ ያለው የእርስዎ ቃልና የእርስዎ ፎቶ ብቻ ነው። የተቀደደ ቅጠል፣ የሻይ ጠብታ፣ በእስክሪብቶ የተሰመረ መስመር፣ የቀድሞ ባለቤት ፊርማ ካለ ይጻፉት፣ ፎቶውንም ያሳዩ። ጉድለቱን ቀድሞ የተናገረ ሻጭ ደንበኛ አያጣም፤ በዚህ ሥራ ከገንዘብ በፊት የሚያስፈልገው ካፒታል ይኸው ነው።

የተቀደደ ገጽን በስኮች መለጠፍ መጽሐፉን ይጎዳል። ሙጫው ከጊዜ በኋላ ቢጫ ሆኖ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል። የክፍሉ እርጥበት ከ65 በመቶ ካለፈ ሻጋታ ይነሳል፤ ስለዚህ መጻሕፍትዎን ከወለልና ከውጭ ግድግዳ ያርቁ። ብል የገባበትን መጽሐፍ በፕላስቲክ ጠቅልለው ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ፍሪዘር ውስጥ ለሳምንት ያህል ቢያቆዩት ነፍሳቱ ያልቃሉ።

ከሌላ አገር የመጣ መጽሐፍን መልሶ መሸጥስ ይፈቀዳል? ሱፓፕ ኪርትሳንግ የታይላንድ ልጅ ነው፤ ወደ አሜሪካ የሄደው በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ሊማር ነው። ተመሳሳዩ የመማሪያ መጽሐፍ አገሩ ውስጥ እጅግ ርካሽ መሆኑን አይቶ፣ ቤተሰቦቹ እየገዙ እንዲልኩለት አደረገና በኢቤይ ሸጠ። አሳታሚው ጆን ዋይሊ ከሰሰው፤ የሥር ፍርድ ቤት 600,000 ዶላር እንዲከፍል ፈረደበት። እሱ ግን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራከረ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 በ6 ለ3 ድምፅ ረታ። መጽሐፍን በሕጋዊ መንገድ የገዛ ሰው፣ መጽሐፉ የትም አገር ይታተም፣ መልሶ መሸጥ ይችላል ተባለ። አዲስ አበባ ታትሞ የተገዛ ልብ ወለድ ሜሪላንድ ላይ ያለ ስጋት የሚሸጠው በዚሁ መርህ ነው።

መጽሐፍን ስካን አድርጎ ፒዲኤፍ መሸጥ ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። ያ አዲስ ቅጂ መሥራት ነው። በእኛ አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠበቃል። በቴሌግራም የሚናኘው ፒዲኤፍ ደራሲዎቻችንን ባዶ እጃቸውን እያስቀረ ነው፤ ጨዋ ሻጭ አይነካውም።

አሜሪካ ላሉ ሻጮች፦ የአገሪቱ ፖስታ ቤት ለመጽሐፍ ያዘጋጀው ርካሽ የአገር ውስጥ መላኪያ የመጣው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1938 ከሰጡት ውሳኔ ነው። አንድ ጥቅል እስከ 70 ፓውንድ ይፈቀዳል። ፖስታ ቤቱ ጥቅሉን ከፍቶ የማየት መብት አለው፤ ከመጽሐፉ ጎን በርበሬ ወይም ሽሮ ማሸግ አይቻልም።

አዲስ አበባ ለገሃርና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ የአሮጌ መጻሕፍት መገኛ ሆነው ኖረዋል። ዛሬ ከዚያ የተገዛ መጽሐፍ ሽፋኑ ፎቶ ተነሥቶ ቴሌግራም ላይ ይወጣል፤ ክፍያው በቴሌብር ገብቶ መጽሐፉ በሞተረኛ ይደርሳል። ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው።

የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። የግዕዝ የብራና መጻሕፍትና የክታብ ጥቅልሎች በውጭ አገር የኢንተርኔት ጨረታዎች ላይ ሲሸጡ ይታያሉ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ከአሮጌ መጻሕፍት ክምር መካከል ብራና ካገኙ ፎቶ አንሥተው ዋጋ አይለጥፉበት፤ እባክዎ ወደ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት (ወመዘክር) ይዘውት ይሂዱ።