ፊት ሲነድ

ሜትሮኒዳዞል፣ አይቨርሜክቲን፣ ዶክሲሳይክሊን። ሦስቱም ለአገራችን ሰው የቆዩ ወዳጆች ናቸው። የመጀመሪያው አሜባና ጃርዲያ ያስቸገረው ሁሉ ፊቱን እያጨማደደ የሚውጠው ክኒን ነው። ሁለተኛውን መርክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ ለወንዝ ዳር ዓይነ ስውርነት በነጻ ሲሰጠው ኖሯል፤ እኛም አገር እ.ኤ.አ. በ2001 ከከፋና ከሸካ ተጀምሮ ሲታደል ቆይቷል፣ በእከክ ወረርሽኝ ጊዜም ደርሶልናል። ያገኙት ሁለት ሳይንቲስቶች፣ ጃፓናዊው ሳቶሺ ኦሙራና ዊሊያም ካምቤል፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ኖቤል ተሸልመውበታል። ሦስተኛው የተስቦ መድኃኒት ነው። እኔ ግን ሦስቱን ያነሣኋቸው ለአንጀትም፣ ለእከክም፣ ለትኩሳትም ብዬ አይደለም። ለገዛ ፊቴ ነው።

ያለብኝ የቆዳ ችግር ሮዜሺያ ይባላል። ቤቴ አቃቂ፣ ሥራዬ ቃሊቲ፣ ሙያዬ ፋርማሲስትነት ነው። ደንበኞቼ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ የከባድ መኪና ሹፌሮች፣ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናቶች፣ ከቱሉ ዲምቱና ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የሚመጡ ወጣቶች ናቸው። ከነዚህ መሐል ፊታቸው የሚነድባቸው አሉ፤ ከላይ ከጠራኋቸው መድኃኒቶች ግን አንዱንም የሚጠይቀኝ የለም። የሚጠይቁኝ ሌላ ቅባት ነው። ዋናው ነገሬም ስለዚያ ቅባት ነው፤ በሽታውን ሳላስተዋውቅ ወደዚያ ብሄድ ግን ነገሩ አይገባም።

ሮዜሺያ ሥር የሰደደ የፊት ቆዳ መቆጣት ነው። ጉንጭን፣ አፍንጫን፣ አገጭንና ግንባርን መሐል ለመሐል ይይዛል። የፊት የደም ሥሮች በትንሽ በትልቁ ይሰፋሉ፣ ፊት ይግላል፣ ይለበልባል፣ ቆይቶም ብጉር የሚመስል ነገር ያወጣል። ሰበቡ አንድ አይደለም። የዘር ውርስ አለበት፤ የቆዳው የመከላከያ ኃይል ከልክ አልፎ መቆጣቱ አለበት፤ ዴሞዴክስ የሚባሉት፣ በሁላችንም ፊት ላይ የሚኖሩ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ከመጠን በላይ መብዛታቸውም አለበት። በፎጣም በመሳሳምም አይተላለፍም። ካለመታጠብ የሚመጣም አይደለም፤ እንዲያውም አብዝተው የሚታጠቡ ሕመምተኞች አሉ። በዓለም ላይ ከ100 አዋቂዎች 5 ያህሉ እንዳለባቸው ይገመታል።

በተማርንበት መጽሐፍ ላይ ያለው ፎቶ ጉንጯ እንደ ቲማቲም የቀላ ፈረንጅ ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን የነጭ በሽታ ነው ብለን አልፈነዋል። በጠይምና በጥቁር ፊት ላይ ቅላቱ ይደበቃል እንጂ በሽታው አይቀርም። እኔ ጠይም ነኝ፤ ፊቴ ሲቆጣ የሚያየኝ ሰው «ምነው ጠቆርሽ?» ነው የሚለኝ። ጉንጬ ላይ ጠቆር ያለ ጥላ ያርፋል፣ ቆዳው ወጠር ይላል፣ መዳፌን ሳሳርፍበት ትኩሳቱ ይሰማኛል። በዚህ ምክንያት ፋርማሲ ለሚመጣ ሰው ቀለሙን ትቼ ስሜቱን ነው የምጠይቀው። ትኩሳቱ መጥቶ ይሄዳል? ሳሙና ወይም ሎሽን ሲነካው ያቃጥላል? ብጉሩ ላይ ጥቁር ጥቁር ነጥብ አለ? ጥቁር ነጥብ ካለ ወደ ተራው ብጉር ያደላል፤ ሮዜሺያ እሱን አያወጣም። ማድያት ደግሞ ያጠቁራል እንጂ አይለበልብም፣ ብጉርም የለውም። ከጉንጭ መቆጣቱ ጋር የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ድካም፣ የፀጉር መርገፍ ወይም የአፍ ቁስል ካለ ግን ሉፐስ ሊሆን ስለሚችል ነገሩ ከእኔ አቅም በላይ ነው፤ በቀጥታ ወደ ሐኪም ነው የምልከው።

ለዚህ ቆዳ አቃቂ ቃሊቲ ምቹ ሰፈር አይደለም። ቆላ ቢጤ ነው ብለን የምናወራለት ሰፈራችን እንኳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ያልፋል፤ በየ1,000 ሜትሩ ደግሞ ቆዳ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ክረምት ላይ ደመናው ያዘናጋል እንጂ ጨረሩን አያስቀረውም። የብረታ ብረት ፋብሪካው እቶን አለ፣ ብየዳው አለ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ሙቀት አለ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ምጣድ አለ። እንጀራ ጋጋሪ አክንባሎውን ባነሣች ቁጥር እንፋሎቱ ተነሥቶ ፊቷን ያጥባታል፤ በቀን ስንት ጊዜ እንደምታነሣው አስቡት። ለደንበኞቼ የምመክራቸው ቀላል ነገር ነው። አክንባሎውን ስታነሡ በወዲያኛው በኩል ይከፈት፣ እንፋሎቱ ወደ ግድግዳው ይሂድ። መስኮት ክፈቱ። እርጥብ ጨርቅ አጠገባችሁ አኑሩና ፊታችሁን አብርዱ። አንዲት እናት ይህን ከሰማች በኋላ ምጣዷን ከጥግ አውጥታ በር አጠገብ እንዳዞረችው ነግራኛለች፤ የእኔ ቅባት ሁሉ ያላመጣውን ለውጥ ያመጣላት እሱ ነው።

ቡናን በተመለከተ የምሥራች አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 82,737 ነርሶችን ተከታትሎ፣ ቡና አብዝተው የሚጠጡት በሮዜሺያ የመያዝ ዕድላቸው አነስ ብሎ አግኝቶታል። የሚበድለው ካፌይኑ አይደለም፣ ትኩሳቱ ነው። በእኛ የቡና ሥርዓት ደግሞ ትኩሳቱ ከስኒው በፊት ይጀምራል። ከሰሉ ሲቀጣጠል፣ ቡናው ሲቆላ፣ ቆይዋ ማንከሽከሻውን ይዛ ስትዞርና ሁሉም ጢሱን በእጁ ወደ ፊቱ ሲስብ። እኔ በር አጠገብ እቀመጣለሁ፣ ጢሱን ከሩቅ አሸታለሁ፣ አቦሉን ለብ እስኪል አቆየዋለሁ። አክስቴ ይህን ባየች ቁጥር «ቡና ቀዝቅዞ ይጠጣል እንዴ? ውኃ አይሻልሽም?» ትለኛለች። እስካሁን ያላሳመንኳት እሷን ብቻ ነው።

በርበሬና ሚጥሚጣም ፊትን ያግላሉ፤ የሚያቃጥለው ነገራቸው የሙቀት ነርቮችን ስለሚቀሰቅስ ነው። ግን ሁሉንም ሰው እኩል አይነኩም። እኔን ሚጥሚጣ ይጥለኛል፣ የቀይ ወጥ በርበሬ ግን ምንም አይለኝም። ስለዚህ ሁሉንም ከመከልከል ይልቅ ምን በበላሁ፣ የት በዋልኩ ጊዜ ተነሣብኝ ብሎ ለጥቂት ሳምንታት መጻፍ ይሻላል። ጠላ፣ ጠጅና አረቄም እንዲሁ ያስነሡታል፤ ነገር ግን መጠጥ ቀምሶ የማያውቅም ሰው ይይዘዋል። አፍንጫው ያበጠና የተቆጣ ሰው ሁሉ ጠጪ ነው ማለት ትልቅ ስም ማጥፋት ነው። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር በዚህ ምክንያት መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሲታማ መኖሩን ነግሮኛል። ጉንፋን ሲይዝ ደግሞ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የባሕር ዛፍ ቅጠል መታጠን ለዚህ ፊት የመጨረሻው ጠላት ነው።

አሁን ወደ ቅባቱ።

«ዶክተር፣ ይቺን አላችሁ?» ፋርማሲስትን ዶክተር ማለት የሰፈራችን ልማድ ነው። አንዲት ደንበኛ ከቦርሳዋ ጅራቷ ተጠቅልሎ ያለቀች ትንሽ ቱቦ ታወጣለች።

«ምንሽን ልትቀቢው ነው እህቴ?»

«ፊቴን። ስቀባው ጥርት ይልልኛል፣ ሁለት ቀን ከተውኩት ግን እሳት ነው።»

«ማን አዘዘልሽ?»

«ጎረቤቴ ናት። እሷን እንዴት እንዳጠራት ብታያት!»

«ከጀመርሽ ቆየሽ?»

«ኧረ ቆየሁ! ከሠርጌ በፊት ነው።»

ቱቦዋ ላይ የተጻፈው ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን ነው፤ አንዳንዴም ከፈንገስና ከባክቴሪያ መድኃኒት ጋር ሦስት ሆኖ የተቀመመ ነው። እነዚህ ስቴሮይድ የሚባሉ መድኃኒቶች ናቸው። በሐኪም ትእዛዝ፣ በልኩ፣ ለአጭር ጊዜ፣ ክርን ወይም እግር ላይ ለወጣ ችፌ ሲቀቡ ጥሩ መድኃኒት ናቸው፤ አላጣጥላቸውም። ፊት ላይ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ቅባቱ የደም ሥሮቹን ያጠባል፣ ቁጣውንም ያፍናል፤ በጥቂት ቀን ፊት ጥርት ይላል፣ ሰውም ያደንቃል። ሳምንታትና ወራት ሲቆጠሩ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሮቹ ይላላሉ፣ ጥቃቅን ብጉሮች አፍና አፍንጫ ዙሪያ ይፈላሉ። ቅባቱ በቀረ ጊዜ የታፈኑት ሥሮች ሁሉ በአንዴ ይከፈታሉ። ያ ነው «እሳት ነው» የሚባለው። ሴትየዋ እሳቱን የምታጠፋው በዚያው ቅባት ነው፤ ቅባቱ ደግሞ እሳቱን ለነገ ያቆይላታል። ሮዜሺያ ያለበት ፊት በዚህ ይብስበታል፤ ጨርሶ ያልነበረበትም ሰው በቅባቱ ብቻ ሮዜሺያ መሰል በሽታ ያተርፋል። እኔ ባንኮኒው ጀርባ ቆሜ የማየው አብዛኛው ችግር ይኸው ነው።

ጥፋቱን በሴቶቹ ላይ ብቻ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ፊት ማጥራት እንደ ውበት ሲሰበክ ይውላል፤ ስም የሌለው ቅባት በብልቃጥ እየተቀመመ በየሱቁና በየፀጉር ቤቱ ይሸጣል። ያለ ማዘዣ መሸጥ የሌለበትን ቱቦ «አንድ ብቻ ነው» ብለው አሳልፈው የሚሰጡ የሙያ ባልደረቦቼም አሉ። ደንበኛ ተቆጥቶ ወደ ማዶው ፋርማሲ ሲሻገር ማየት ደስ አይልም፤ ግን መሸጥ ከዚያ ይከፋል።

ለረጅም ጊዜ የተቀባ ሰው በራሱ ብድግ ብሎ እንዲያቆምም አልመክርም። መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ናቸው፤ ፊት ያብጣል፣ ይፈላል፣ ሰው መስታወት ይሸሻል። ብዙዎች የሚሸነፉትም እዚያ ላይ ነው። የቆዳ ሐኪም ቅባቱን ወደ ደካማው እያወረደ ሊያስተው፣ ወይም አስቁሞ መሸጋገሪያውን በዶክሲሳይክሊን ሊያግዝ ይችላል። በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅም ቀላል የማይባል እፎይታ ይሰጣል።

ከዚያ በኋላ ነው እነዚያ ሦስት የቆዩ ወዳጆች የሚመጡት፣ መልካቸውን ለውጠው። ሜትሮኒዳዞል 0.75 በመቶ በሆነ ጄል ወይም ክሬም ጠዋትና ማታ ይቀባል። አይቨርሜክቲን 1 በመቶ ክሬም በቀን አንዴ ይቀባል፤ ዴሞዴክስንም ቁጣውንም ይቀንሳል። ጄሉ አንዳንዴ ገበያ ላይ ይጠፋል፤ ቢሆንም ክኒን ጨፍልቆ በቫዝሊን መለወስ መላ አይደለም፣ ልኩም አይታወቅም፣ ቆዳም ይፍቃል። ለከብት የሚወጋውን አይቨርሜክቲን «ያው አይደለም ወይ?» ብሎ የጠየቀኝም ሰው አለ። ያው አይደለም። ዶክሲሳይክሊን የሚዋጥ ነው፤ ለሮዜሺያ የሚሰጠው ቁጣን ስለሚያበርድ ነው። ነፍሰ ጡርና ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ አይወስዱትም፤ የሚወስደውም ሰው በብዙ ውኃ ይዋጠው፣ ውጦ ወዲያው አይተኛ፣ ከፀሐይም ይጠንቀቅ። አራተኛው አዜላይክ አሲድ ነው፤ ብጉሩ ጥሎት የሚሄደውን ጥቁር ምልክት ጭምር ስለሚያደበዝዝ ለእኛ ቆዳ ሁለት ጥቅም አለው። ሁሉም ቀርፋፋ ናቸው። ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሳይሞላ «አልሠራም» ማለት አይቻልም። ስቴሮይድ በሦስት ቀን ያስለመደውን ሰው ይህን ማስረዳት የሥራዬ ከባዱ ክፍል ነው። በሽታውም ቢበርድ እንጂ ተነቅሎ አይጠፋም።

የዕለት ክብካቤው ርካሽ ነው። የልብስ ሳሙና ከፊት ይራቅ፤ ለብ ባለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና መታጠብ፣ ሳይፈትጉ ማድረቅ፣ ሽታ የሌለው ቅባት መቀባት። ሎሚ፣ ፌጦና ዝንጅብል ለወጥና ለጉንፋን ይሁኑ። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ውድ ነው፤ ነጩ ደግሞ ጠይም ፊት ላይ አመድ ያስመስላል። ቀለም የተቀላቀለበት ቢገኝ ይመረጣል። ካልተገኘ ጃንጥላና ሰፊ ባርኔጣ አሉ፤ ነጠላም ቢሆን ፊት ላይ ጥላ ይጥላል።

ሕክምናው በጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ የጤና መድን ያለው ሰው የሪፈር ወረቀቱን ከዚያው ይይዛል። በክፍለ ከተማችን ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ። በቆዳ ሕክምና ስሙ የገነነው አለርት ደግሞ ዘነበወርቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመ ነው። በዚያ ታሪኩ የተነሣ ዛሬም «አለርት ሂድ» ሲባል የሚደነግጥ ሰው ያጋጥመኛል። እዚያ ወረፋ የሚይዙት ባለ ችፌና ባለ ማድያት፣ ባለ ብጉርም ናቸው።

አንድ የቀረኝ ነገር የዓይን ጉዳይ ነው። ሮዜሺያ ዓይንንም ይነካል፤ አንዳንዴም ፊት ላይ ከመታየቱ በፊት። አሸዋ የገባ ይመስላል፣ ያለቅሳል፣ የሽፋሽፍት ሥሩ ይቀላል፣ ብጉር እየተመላለሰ ይወጣበታል። በፋብሪካ የሚሠራ ሰው የብየዳ ብናኝ ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ከዚያ ጓደኛው የሚጠቀምባትን የዓይን ጠብታ ስም ይዞ ይመጣል። ጠብታዋ ብዙ ጊዜ ያው ስቴሮይድ ናት። ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ሲጠቀሙባት የዓይንን ግፊት ከፍ አድርጋ ብርሃን ልትነጥቅ ትችላለች። ቀላል ለሆነው መቆጣት ለብ ባለ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ በተጨፈነ ዓይን ላይ ለጥቂት ደቂቃ ማሳረፍና የሽፋሽፍቱን ሥር በቀስታ መጥረግ ይረዳል። ዓይኑ ከታመመ፣ ብርሃን ማየት ካስጨነቀው ወይም እይታው ከደበዘዘ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት።